ከሐኪሙ ትእዛዝ እስከ አራተኛው ፎቅ፦ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ በሆስፒታልና በወረዳ መካከል

ባለፈው ክረምት አክስቴን ለማስታመም በአዲስ አበባ መሃል ወደሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ያህል ተመላልሻለሁ። በስኳር ሕመም ምክንያት እግሯ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ሁለት ጣቶቿ ተቆርጠው ነበር። ከሆስፒታል በምትወጣበት ዕለት ጠዋት ሐኪሙ ቁስሉን ፈትቶ አየ፣ የስኳሯን መጠን ተመለከተ፣ ኢንሱሊኗን አዘዘ፣ በየሁለት ቀኑ ቁስሉን እንድታሳጥብና በዚያ እግሯ ፈጽሞ እንዳትረግጥ አስጠንቅቆ ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፈ። ትእዛዙ አንዳች ጉድለት አልነበረበትም። እርሱ ከሄደ በኋላ ደብተር የያዘች ወጣት ባለሙያ መጣችና ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

“እማማ፣ ቤትዎ ስንተኛ ፎቅ ነው?”

“አራተኛ ነው ልጄ።”

“ሊፍት አለው?”

“የለውም።”

“ውኃስ እስከ ላይ ይወጣል?”

“አንዳንድ ሌሊት ይመጣል። ያኔ የነቃ ይቀዳል።”

“ኢንሱሊኑን የት ሊያስቀምጡት አስበዋል? ፍሪጅ አለዎት?”

አክስቴ ዝም አለች። ባለሙያዋ ጥያቄውን አልደገመችባትም። ደብተሯ ላይ አንድ መስመር ጻፈችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ከጎረቤት የሚያስቀምጥልዎት ሰው አለ?” አለቻት። በየሁለት ቀኑ ወደ ሆስፒታል መምጣትና በአንድ እግር አለመርገጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ለምትኖር የ68 ዓመት ሴት እርስ በርሱ የሚጋጭ ትእዛዝ መሆኑን እኔም ሆንሁ ሐኪሙ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልብ አላልነውም ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ስለ ደረጃው የጠየቀች እርሷ ብቻ ናት።

በየሆስፒታሉ “ሶሻል ወርከር” እየተባለ የሚጠራው የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ በሕክምናና በመንግሥት ድጋፎች ውስጥ ያለው ድርሻ እምብዛም አይወራለትም። ሲወራም ብዙ ጊዜ ለድሃ ታካሚ ገንዘብ የሚለምን ወይም የነፃ ሕክምና ወረቀት የሚያጣራ ሰው ተደርጎ ነው። ይህ አመለካከት ባለሙያውንም ታካሚውንም ይጎዳል። ዛሬ በአዲስ አበባ ለታመመና ለተቸገረ ሰው በሕግ የተቀመጡ መብቶችና ድጋፎች ጥቂት አይደሉም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ በሌላ መሥሪያ ቤት፣ በሌላ ወረቀት፣ በሌላ ማኅተም የሚገኝ በመሆኑ፣ አልጋ ላይ ያለ ሰው አንዱንም ሳይደርስበት ሊቀር ይችላል። የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ዋናው ሥራ ይህን የተበታተነ መብት ሰብስቦ በታካሚው እጅ ማስገባት ነው ብዬ አምናለሁ። አሁን ግን ይህን እንዲሠራ የሚያስችል ሥልጣንም ቦታም አልተሰጠውም።

ፌስታል ውስጥ ያሉ ወረቀቶች

አክስቴ ወረቀቶቿን በሙሉ የምታስቀምጠው በአንድ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ነው። ከመውጫዋ ዕለት ቀደም ብሎ ባለሙያዋ አስፈቅዳ አንድ በአንድ አውጥታ አልጋው ላይ ዘርግታቸው ነበር፦ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ከጤና ጣቢያ የተጻፈ ሪፈር፣ የሟች ባሏ የጡረታ ደብተር፣ የእድር ካርድ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ። መታወቂያው የሚያሳየው ከፒያሳ አካባቢ በልማት ከመነሣቷ በፊት ትኖርበት የነበረውን ወረዳ ነው። የጤና መድኑም የተመዘገበው እዚያው ነው፤ የእድሳቱ ወቅት ደግሞ እርሷ በዕቃ ማጓጓዝና አዲስ ቤት በማደላደል ላይ ሳለች አልፏል። በሪፈሩ ላይ የአያቷ ስም በአንድ ፊደል ከመታወቂያው ይለያል። እኔ ለሁለት ሳምንት ያህል መድኑን እንደ ዋስትና ቆጥሬ በኪሴ ይዤው እየዞርሁ ነበር።

አንባቢ ለጤና መድኑ ጉዳይ እንግዳ ከሆነ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በኢትዮጵያ በሙከራ ደረጃ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች ነው። ወደ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ዓመታት ቆይቶ ነው። መደበኛ ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል የማይችለው፣ በተለምዶ “የድሃ ድሃ” የሚባለው ቤተሰብ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል። አገልግሎቱ ከጤና ጣቢያ ይጀምርና በሪፈር ወደ ሆስፒታል ያድጋል፤ ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው የመድኑን ሙሉ ጥቅም አያገኝም። አሠራሩ በወረቀት ሲታይ ግልጽ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ እርምጃ ታካሚው አንድ ነገር አስቀድሞ እንዲያውቅ ይጠይቃል፦ የእድሳቱን ጊዜ፣ የሪፈሩን ቅደም ተከተል፣ ወረዳ ሲቀየር ምን እንደሚደረግ። ሰው ደግሞ እነዚህን የሚያጣራው ጤና ሲሆን አይደለም፤ ሲታመምና ጊዜ ሲያጣ ነው።

ከመድኑ ውጭ ያሉት ደግሞ ሌላ በር አላቸው። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔና በጤና ጣቢያ የሚሰጥ የወሊድ አገልግሎት ለማንኛውም ሰው በነፃ የሚሰጡ ናቸው። በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ አዋጁ ሲወጣ የተቀመጠው ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ የሆነ ሰው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ፤ የሚበዛው ሠራተኛ ግን ይህ መዋጮ ለእርጅና ብቻ የሚጠራቀም ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም የአንድ ባለሙያ አንዲት ቃል የቤተሰብ ኑሮ የምትለውጥበት ቦታ ይህ ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ሕመሙ ሥራ እንዳይሠራ ያደረገው መሆኑ በሕክምና ቦርድ ተረጋግጦ ሲሰናበት የጤና ጉድለት አበል ያገኛል። ያው ሠራተኛ ግን ሕመሙ ሲጠናበትና አሠሪው ሲያጉረመርምበት ተሳቅቆ በገዛ ፈቃዱ የመልቀቂያ ደብዳቤ ከጻፈ፣ አበሉን ለማግኘት እንደ አገልግሎት ዘመኑ ዕድሜው እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ኩላሊቱ ለደከመ ወይም ካንሰር ለያዘው ሰው ይህ ጥበቃ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ሐኪሙ ስለ ጡረታ ሕግ አይጠየቅም፤ የጡረታ መሥሪያ ቤቱም ታካሚውን አልጋው ድረስ አይመጣለትም። “መልቀቂያውን አሁን እንዳትፈርም፤ መጀመሪያ ቦርድ እንቅረብ” የሚል ሰው በመካከል ያስፈልጋል። ያ ሰው የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያው ነው፤ እርሱ በሌለበት ሆስፒታል ይህን ምክር የሚሰጠው ወይ አጋጣሚ ነው ወይ ማንም።

አጣሪ ወይስ ጠበቃ

ሙያው በሆስፒታል ውስጥ ሲጀመርም ይህ ጥያቄ አብሮት ተወልዷል። እ.ኤ.አ. በ1895 ለንደን በሚገኘው ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ሜሪ ስቱዋርት የተባለች ሴት የመጀመሪያዋ የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆና ስትቀጠር፣ ዋና ተግባሯ መክፈል እየቻሉ በነፃ የሚታከሙትን ለይቶ ማውጣት ነበር። በር ላይ ቆማ እንድታጣራ ተቀጠረች ማለት ነው። ሥራውን ስትጀምር ግን የታካሚዎቹ ችግር ማታለል ሳይሆን ማጣት ሆኖ አገኘችው፤ የተሰጣት ኃላፊነትም ቀስ በቀስ ታካሚውን ከሚረዱ ድርጅቶች ጋር ወደማገናኘት ሰፋ። ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1905፣ በአሜሪካ ቦስተን ሪቻርድ ካቦት የተባለ ሐኪም በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ይህንኑ አገልግሎት የጀመረው ከሌላ ጫፍ ተነሥቶ ነው። ያዘዘው መድኃኒትና ዕረፍት ታካሚው ቤት ሲደርስ ዋጋ እንደሚያጣ ስላየ፣ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ከጎኑ እንዲሠራ ፈለገ። አይዳ ካነን የተባለችው ባለሙያ ሥራውን ለአሥርት ዓመታት መርታ ራሱን የቻለ የሆስፒታል ክፍል አደረገችው።

በእኛም አገር ሙያው ትናንት የመጣ አይደለም። በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ በደርግ ዘመን ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ እንደገና በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። መሃል ላይ ያለው የሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ክፍተት ከቁጥሩ በላይ ጉዳት አድርሷል ብዬ አስባለሁ። በእነዚያ ዓመታት ሆስፒታል ያስተዳደሩ፣ መመሪያ ያረቀቁ፣ የሥራ መደብ የመደቡ ሰዎች ከማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ጋር ሳይሠሩ አደጉ፤ ስለዚህ ባለሙያው ተመርቆ ሲመጣ ምን እንደሚያሠሩት አላወቁም። የሚቀርባቸውን ሥራ ሰጡት፦ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ማየት፣ አስታማሚ የሌለውን ታካሚ መከታተል፣ ሟች ሲኖር ቤተሰብ መፈለግ። ሁሉም አስፈላጊ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ባለሙያው ወደ ታካሚው የሚመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

የማጣራቱ ሥራ ራሱ የሚፈጸምበት መንገድም ያሳስበኛል። በመስኮት በኩል፣ ከኋላ ሰልፍ እያለ፣ “ከፋይ ነሽ ወይስ ነፃ?” ተብላ የተጠየቀች እናት የምትሰጠው መልስ ስለ ኪሷ የሚናገረው ጥቂት ነው። በእኛ ባህል ድህነት ገበና ነው። ይሉኝታ ያለበት ሰው ተበድሮ ይከፍላል እንጂ በሰው ፊት የለኝም አይልም፤ ዓይን አውጣው ደግሞ ሊል ይችላል። ስለዚህ በመስኮት የሚደረግ ማጣራት ብዙ ጊዜ የሚጥለው እጅግ የተቸገረውንና ጨዋውን ሰው ነው። አክስቴ ስለ ፍሪጁ ስትጠየቅ ዝም ያለችበትን አፍታ አስታውሱ። ሠላሳ ዓመት በኖረችበት ቤት እቃዋ ሞልቶ ይኖር የነበረ ሰው “የለኝም” ማለት ይከብደዋል። ያንን ዝምታ እንደ መልስ ቆጥሮ፣ ሳይገፋ፣ ጥያቄውን ወደ ጎረቤት ማዞር የሠለጠነ እጅ ሥራ ነው። በቅጽ አይገኝም።

ሁለቱ መዝገቦች የማይተዋወቁት ለምንድን ነው

በአዲስ አበባ ለተቸገሩ ነዋሪዎች የተዘረጋው ትልቁ ድጋፍ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር መድቦለት 604,000 ሰዎችን ለመድረስ ታስቦ ነበር፤ ከእነዚያ ውስጥ የላቀው ድርሻ የአዲስ አበባ ነበር። ከተጠቃሚዎቹ 84 በመቶው በአካባቢ ልማት ሥራ እየተሳተፉ የሚከፈላቸው ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹ 16 በመቶ መሥራት የማይችሉ፣ ማለትም አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና የጠና ሕመም ያለባቸው፣ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ ናቸው። ሁለተኛው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2020 በ400 ሚሊዮን ዶላር ጸድቆ የሥራ ዕድል ፈጠራን ጨምሮ ቀጥሏል።

ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙትን ሰዎች ማንነት ልብ በሉ። እነዚህ ሆስፒታል በየወሩ የሚያያቸው ሰዎች ናቸው። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ፣ የአእምሮ ሕመም ክትትል ያላቸው፣ ካርዳቸው ከመነካካት ብዛት የጠቆረ ሰዎች ናቸው። ሆኖም ሆስፒታሉ የሚይዘው መዝገብና ወረዳው የሚይዘው መዝገብ አይተዋወቁም። ሆስፒታሉ ታካሚው መድኃኒት ማቋረጡን ያውቃል፤ ለምን እንዳቋረጠ ግን አያውቅም። ወረዳው ቤተሰቡ መቸገሩን ያውቃል፤ የችግሩ ምንጭ በየወሩ ከከነማ ወይም ከግል ፋርማሲ የሚገዛ መድኃኒት መሆኑን ግን አያውቅም። የጤናው ዘርፍ በጤና ቢሮ፣ የማኅበራዊ ድጋፉ ደግሞ በሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መዋቅር ስለሚመራ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ብዙ ጊዜ የታካሚው እግር ብቻ ነው። አክስቴን የመሰለ ሰው ደግሞ ያ እግር የለውም።

ማገናኘት እንደሚቻል የታየባቸው ጅምሮች አሉ። በዩኒሴፍ ድጋፍ በአማራ ክልልና በአዲስ አበባ የተሞከረው የተቀናጀ የሴፍቲኔት ፕሮግራም የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ቤተሰቦችን ከጤና መድን ጋር ለማስተሳሰር የተነሣ ሲሆን፣ ሥራውን በየቤቱ እየዞሩ የሚያስፈጽሙት የማኅበራዊ ሥራ ሠራተኞች ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም ድጋፍና አገልግሎት ተሳስረው እንዲሄዱ ያዝዛል። ከዚያም በላይ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና አሳዳጊ ለሌላቸው ሕፃናት እንክብካቤ የማድረግ ግዴታ ጥሎበታል። እንግዲህ ሕጉ አለ፣ ፖሊሲው አለ፣ ሙከራውም ተደርጓል። የጎደለው በየሆስፒታሉና በየወረዳው ይህን ጉዳይ የዕለት ሥራዬ ብሎ የሚይዝ በቂ ቁጥር ያለው ባለሙያ ነው።

የመሃል ከተማው መነሣት ይህን ጉድለት ይበልጥ አጉልቶታል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ምክንያት ከፒያሳ፣ በኋላም ከካዛንቺስ በርካታ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ስለ ልማቱ አስፈላጊነት መከራከር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። የታመመ ሰው ወረዳ ሲቀይር ግን ቤት ብቻ አይደለም የሚቀይረው። የጤና መድኑ፣ የሴፍቲኔት መዝገቡ፣ የሚከታተለው ጤና ጣቢያ፣ ቤት ለቤት የምትመጣዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ እድሩ ሁሉ የተሳሰሩት ከሚኖርበት ወረዳ ጋር ነው። አዲሱ ወረዳ ከቀድሞው መሸኛ ካልመጣ አይመዘግብም፤ የቀድሞው ወረዳ መሸኛ ለመስጠት ባለጉዳዩ በአካል እንዲቀርብ ይጠይቃል፤ ባለጉዳይዋ ደግሞ ሆስፒታል ተኝታለች። እኔ በእርሷ ፈንታ ብሄድ “ውክልና አምጣ” ተባልሁ። ሁለት ቀን የሄድሁበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ፋይሉ “እየተፈለገ ነው” ተባለ። እዚያ ያሉ ሠራተኞች ክፉዎች አልነበሩም፤ ከፊታቸው ያለውን መመሪያ ነው የፈጸሙት። ያ መመሪያ ሲጻፍ ግን በሆስፒታል አልጋ ላይ ያለች ሴት አልታሰበችም።

በመጨረሻ ነገሩን ያንቀሳቀሰው ሶሻል ወርከሯ የጻፈችው ደብዳቤ ነው። ግማሽ ገጽ ነው፦ ታካሚዋ ተኝታ እየታከመች መሆኑ፣ በአካል መቅረብ አለመቻሏ፣ በስሟ ላይ ያለው የፊደል ልዩነት የአንድ ሰው ስም መሆኑ፣ ክትትሏ እንዳይቋረጥ መሸኛው በወኪል እንዲሰጥ ትብብር መጠየቁ። ከታች ስሟ፣ የሥራ መደቧና የሆስፒታሉ ማኅተም አለ። ደብዳቤውን ያየችው የወረዳዋ ሠራተኛ “እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ እኛም እንሠራለን” ነበር ያለችኝ። ልብ ይባል፤ ወረዳው ይህን ደብዳቤ እንዲቀበል የሚያስገድደው ምንም አልነበረም። ተቀበለ፣ ምክንያቱም ሠራተኛዋ ቅን ስለነበረች። በሌላ ወረዳ፣ በሌላ ቀን፣ ሌላ ሰው ላይቀበለው ይችላል።

ሐኪምና መድኃኒት በሚያንስበት አገር ለማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ደመወዝ መክፈል ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ክርክሩን ቀላል አድርጌ አላየውም። በሆስፒታሉ ፋርማሲ ያልተገኘን መድኃኒት የትኛውም ባለሙያ በደብዳቤ አያመጣውም፤ በጤና መድን ደንብ ከሽፋን ውጭ ከተዘረዘሩት ሕክምናዎች አንዱ የሆነውን ቋሚ የኩላሊት እጥበትም ሶሻል ወርከር ሽፋን ውስጥ አያስገባውም። ይሁን እንጂ በየትኛውም የከተማችን ሆስፒታል ክፍል ውስጥ አንድ ቀን የዋለ ሰው፣ ሕክምናው አልቆ መሄጃ ስላጣ ብቻ አልጋ ይዞ የተኛ ታካሚ ማየቱ አይቀርም። ከክፍለ ሀገር መጥቶ መመለሻ ያጣ፣ ቤተሰቡ ጥሎት የሄደ፣ ጎዳና ላይ ወድቆ ፖሊስ ያመጣው ይኖራል። ያ አልጋ በተያዘ ቁጥር ኮሪደር ላይ ወይም ድንገተኛ ክፍል ወንበር ላይ የሚጠብቅ ሌላ ሕመምተኛ አለ። የታካሚ ቅበላንና አልጋን የሚያስተባብረው ላይዘን ክፍል አልጋ ይቆጥራል፤ አልጋው የሚለቀቅበትን መንገድ የሚያውቀው ግን መቄዶንያን ከመሰሉ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ማዕከላት ጋር፣ ከታካሚው የትውልድ ወረዳ ጋር፣ ከእድር ዳኞች ጋር ስልክ የሚደዋወለው ሰው ነው። መድኃኒት ተገዝቶ፣ ቀዶ ሕክምና ተሠርቶ፣ ታካሚው ደረጃ ስላለ ብቻ ለቁስል ሳይመለስ ቀርቶ እግሩ ከጉልበቱ ቢቆረጥ፣ የባከነው የሐኪሙም ድካም ነው።

በአእምሮ ሕክምና ውስጥ ደግሞ ያለ ማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ሥራው እንዴት እንደሚሄድ አይገባኝም። ቤተሰብ ልጁን ጠበል ወስዶ መድኃኒቱን ሲያስቋርጠው፣ ቤተሰቡን ሳይነቅፍ፣ እምነቱን ሳያቃልል፣ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲሄዱ የሚያግባባ ሰው በየክፍሉ ያስፈልጋል። ይህ በራሱ ሌላ ሰፊ ጽሑፍ ይፈልጋል።

እድርን መጥቀስ ግድ ይላል፣ ብዙ ሰው “የእኛ ሶሻል ወርከር እድር ነው” ስለሚል። እድር ከመቅበርም አልፎ አረጋውያንን መደገፍና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት የጀመረባቸው ሰፈሮች አሉ፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁና ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም የእድር ጉልበት መቀራረብ ነው። የፒያሳው እድር አባላት ዛሬ በከተማዋ አራት ማዕዘን ተበትነዋል። የአክስቴ እድር ሊቀመንበር ሆስፒታል ሊጠይቋት የመጡት ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ቀይረው ነው፤ ይዘው የመጡት ብርቱካንና ምርቃት ነበር። ሁለቱም ደስ አሰኝተዋታል፤ መሸኛውን ግን አላመጡም፣ ሊያመጡም አይችሉም።

ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ የምሰጠው መልስ አንድ ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያው የሚቀመጥበት ቦታ መለወጥ አለበት። ዛሬ ታካሚ ወደ እርሱ የሚላከው መክፈል ሲያቅተው ወይም ሲወጣ ነው። ካርድ ክፍል ሲገባ፣ ቢያንስ በተኛ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ፣ ፌስታሉን የሚያይለት ሰው ቢያገኝ፣ የመድን እድሳቱም፣ የስም ልዩነቱም፣ የሕክምና ቦርዱም ጉዳይ ገና ጊዜ እያለ ይጀመራል። ቀጥሎ የሚያስፈልገው ሥልጣን ነው፦ ባለሙያው በሆስፒታሉ ማኅተም የጻፈውን ማረጋገጫ ማንኛውም ወረዳ እንዲቀበል፣ ተኝቶ የሚታከም ሰውም በአካል ካልቀረብህ እንዳይባል በመመሪያ መደንገግ አለበት። ይህ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም፤ ጤና ቢሮውና የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮው በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ የሚጽፉት ሁለት ገጽ ሰነድ ነው። በልማት ምክንያት ለሚነሡ ነዋሪዎችም የጤና መድንና የሴፍቲኔት መዝገባቸው ከቤት ቁልፉ ጋር አብሮ እንዲተላለፍ ማድረግ ይቻላል፤ ቤት የሚያስረክበው መሥሪያ ቤት ማን ወዴት እንደሄደ ያውቃልና።

በተጨማሪም ባለሙያውን ገንዘብ ለማኝ ማድረግ ይቅር እላለሁ። ለአንድ ታካሚ መድኃኒት መግዣ ከነጋዴ ከማሰባሰብ ይልቅ፣ ያው ሰዓት ለአሥር ታካሚዎች መብታቸውን ለማስከበር ቢውል የሚገኘው ይበልጣል። ርኅራኄ ያለው ባለሙያ ሁለቱንም ለማድረግ ሲሞክር ይደክማል፤ ከኪሱም ያወጣል። አክስቴን የረዳቻት ወጣት በአንድ ፎቅ ላይ ላሉ ታካሚዎች ሁሉ ብቻዋን እንደምትሠራና ምሳዋን ብዙ ጊዜ ቆማ እንደምትበላ አይቻለሁ። ከአንዲት ከወላይታ ከመጣች እናት ጋር ቆማ ስታወራም የመናኸሪያ ትኬት ከቦርሳዋ አውጥታ ስትሰጣት አይቻለሁ። ከማን ኪስ እንደወጣ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

አክስቴ አሁን ቁስሏ ደርቋል። የጤና መድኗ በአዲሱ ወረዳ ታድሷል፤ የቀጥታ ድጋፍ ማመልከቻዋም ገብቶ ወረፋ ላይ ነው። ኢንሱሊኗ ከሁለተኛ ፎቅ ጎረቤቷ ፍሪጅ ውስጥ፣ ስሟ በእስክሪብቶ በተጻፈበት የቅቤ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። የምድር ቤት ለውጥ እንዲደረግላት ሶሻል ወርከሯ ያጻፈቻት ማመልከቻ ግን እስካሁን መልስ አላገኘም። በቀጠሮዋ ቀን ሁለት የብሎኩ ወጣቶች በፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠው ከአራተኛ ፎቅ ያወርዷታል፤ በየእርከኑ አሳርፈው ትንፋሽ ይወስዳሉ። ሆስፒታል ስንደርስ ባለሙያዋ ከሩቅ ስታያት ከሰላምታ ቀጥላ የምትጠይቃት ያንኑ ነው፦ “እማማ፣ ስለ ቤቱ ጠሩዎት?” ከዚያ ደብተሯን ትገልጣለች፣ በዚያው መስመር ትይዩ አዲስ ቀን ትጽፋለች።